በሰው አገር ልጆች መካከል

ሰው ወደ ሰው አገር የሚሄድባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ነጋዴ ለትርፍ፣ ወታደር በትእዛዝ፣ ተማሪ ለዕውቀት ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ሲመለሱ ያገኙትን ለመናገር አይቸገሩም። ልጆችን ለማስተማር በፈቃዱ የሄደ ሰው ግን «ሰጥቼ መጣሁ» ይላል እንጂ «ተቀብዬ መጣሁ» ማለት ይከብደዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ መቀበሉ ነው።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን በ1961 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት፣ የ1955 ዓ.ም. ትምህርት ሊጀመር ሲል ከ270 የሚበልጡ ወጣት አሜሪካውያን አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁለት ሁለት ዓመት እንዲያስተምሩ በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። ከነዚህ አንዱ ለሆነው ለፖል ሶንጋስ ወሊሶ ደረሰችው።

ከአምቦ ተነሥቶ የወንጪን ተራራ ወደ ደቡብ የተሻገረ መንገደኛ ወሊሶን ያገኛታል። ዛሬ አንደኛዋ የምዕራብ ሸዋ፣ ሁለተኛዋ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ ይሁኑ እንጂ ሁለቱ ከተሞች እኅትማማች ናቸው ቢባል ያስኬዳል። ሁለቱም ፍል ውሃ አላቸው፤ ሁለቱም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሌላ ስም ወጥቶላቸው አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶም ጊዮን ተብለው ነበር።

ሶንጋስ በማሳቹሴትስ ውስጥ ሎዌል በምትባል የፋብሪካ ከተማ የተወለደ፣ ኮሌጅ እንደ ጨረሰ የመጣ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በወሊሶ አስተማረ። ከዚያ አገሩ ገብቶ ሕግ ተማረ፤ በ1974 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1978 ለሴኔት ተመረጠ። ከሰላም ጓድ ወጥቶ ሴናተር ለመሆን የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ተነሥቶ ፓርቲው ክሊንተንን መረጠ። በ1997 በ55 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ግን ማንነቱን የቀረጸው የወሊሶ ኑሮው እንደ ሆነ ደጋግሞ ይናገር ነበር።

ይህን የመሰለ ሰው ለወሊሶ ልጆች ምን እንዳስተማረ መገመት አያዳግትም፤ እኛን የሚያሳስበን እነርሱ ምን እንዳስተማሩት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ፣ የኦጋዴን ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሶንጋስ ዶን ቦንከር ከተባለ የምክር ቤት ባልደረባው ጋር ሁኔታውን በዓይኑ ሊያይ ወደ አፍሪካ ቀንድ መጣ። ስለ ሩቅ ጦርነት የሚመክር ሹም ዘወትር ካርታ ይዘረጋል፤ እርሱ ግን ከካርታው በላይ የጥቂት ልጆች ፊት ሳይታየው አልቀረም ብለን እናስባለን።

እኛ ደግሞ ባሕር ሳንሻገር የሰው አገር አይተናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። እርግጥ ግዴታ ስለ ነበር «በፈቃድ» የሚለው ቃል ልኩ አይደለም፤ ነገር ግን በትእዛዝ ሄደው በፈቃድ የቆዩ ብዙዎችን እናውቃለን። በ1959 ዓ.ም. ዕጣችን ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ላለች አነስተኛ ከተማ ወጣ። የአዲስ አበባ ልጆች ነበርንና ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማይበልጠው መንገድ እንደ ባሕር ማዶ ሆነብን።

መረሬው አፈር ገና አልደረቀም ነበርና ጫማችንን ከእግራችን አወለቀው። ተማሪዎቻችን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን መሬት ውስጥ እየተከሉ ሲራመዱ እያየን ከነርሱ መሄድን ተማርን። ቀጥሎ የመጣው ቋንቋ ነው። ልጆቹ ከአጥር ውጭ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ በትምህርት ቤት አማርኛን ለመዱ፤ ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይቀበላሉ። በሦስተኛ ቋንቋ ክፍልፋይ የሚያሰላ ልጅ ፊት የቆመ ሰው በራሱ ሊቅነት ለረዥም ጊዜ ሊመካ አይችልም።

በዕረፍት ሰዓት ከበው ያስተምሩን ነበር። «ለፈ» አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ግን ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። ሁለቱን ጆሯችን እስኪለይ ድረስ ሃያ ጊዜ አስደገሙን። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ረዥሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ስናየው እነዚያ ጥብቅ መምህሮቻችን ትዝ ይሉናል።

ብዙዎቹ ከሩቅ መንደር የመጡ ስለ ነበሩ ሦስት አራት እየሆኑ አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው የሳምንቱን ስንቅ፣ ቆሎውን፣ በሶውንና ዳቦውን ተሸክመው እሑድ ወደ ማታ ይገባሉ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። የዓርብ ትምህርት ምን እንደሚመስል በመምህራን ማሠልጠኛ መጽሐፍ ተጽፎ አላየንም። እኛ ከባድ ከባዱን ትምህርት ወደ ሰኞና ማክሰኞ አዛወርነው፤ ዓርብ ተረት እናስነግር ነበር።

አንድ እሑድ ማታ ከነዚህ ልጆች አንዱ በራችንን አንኳኩቶ እናቱ የላከችልንን ጭኮ አስረከበን። ከርሱ ስንቅ የተቀነሰ መሆኑ ገብቶናል፤ መመለስ ግን እናቲቱን መንቀፍ ነበርና በላን። ከዚያ ወዲህ «ምስኪኑ ገበሬ» የሚለውን ቃል በንግግር መካከል እንደ ቀድሞው አቅልለን ማንሣት አልሆነልንም። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር በ1957 ዓ.ም. ከሰልፍ ላይ የሰሙ ባልንጀሮቻችንም ከአገልግሎት ሲመለሱ አራሹን በስሙ ያውቁት ነበር።

ሰኔ ላይ ፈተናው ሲያልቅ ያው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለመጪው ዓመት ማን ይመጣል?» ሲል ጠየቀን። በጣቱ ቆጠረ፤ አስቀድሞ አንድ የሰላም ጓድ፣ ከዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አሁን እኛ። «ሁላችሁም ደጎች ናችሁ፤ ግን ትሄዳላችሁ» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ቁጥር ብቻ ነበር።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተማሪዎች የሰላም ጓድ ይውጣ እያሉ ሲጮኹ ምክንያታቸው ፖለቲካ ነበር። በ1977 ጓዱ ለቆ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላም ተመለሰ። ያ ልጅ ያነሣው ጉዳይ ግን ከዚያ ክርክር ውጭ ነው። የሚሄደው ሰው ለውጡን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀረው ልጅ ለአዲሱ ሰው እንደገና ከሀ መጀመር አለበት። ሁለት ዓመት እንኳ እንዲህ ካነሰ፣ በዘመናችን ለሁለት ሳምንት መጥተው ወላጅ ካጡ ሕፃናት ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚመለሱት እንግዶች ነገር ምን ይባላል? ሕይወታችን ተለወጠ ሲሉ አንጠራጠርም፤ ሕፃኑ በዓመት ስንት ሰው ተላምዶ ከስንቱ እንደሚለያይ ግን ከመምጣታቸው በፊት ቢጠየቁ መልካም ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በኅዳር፣ ከዚያ ልጅ ደብዳቤ ደረሰን። እንደ ደንቡ ጤናችንን ከጠየቀና የራሱን ደኅንነት ከገለጸ በኋላ ስንቁ አሁን እስከ ዓርብ እንደሚዘልቅለት ነገረን። ከዚያም እንዲህ ሲል ጽፎ ነበር፤ «አዲሱ መምህር ደኅና ሰው ናቸው። ነገር ግን መሬትን ደካማ ይሏታል። በዕረፍት ሰዓት እያስተማርናቸው ነው።»