ላፕቶፓችን በተነሳ ቁጥር የሚቀየረው አድራሻ

ዛሬ ስለ ስልክና ኮምፒውተራችን ሆድ ዕቃ ትንሽ እናውራ።

ሊነክስ የጫንኩበት ላፕቶፕ አለኝ። አንድ ሰሞን በከፈትኩት ቁጥር አንድ ቁጥር ወደ ደብተሬ እገለብጥ ነበር። ቁጥሩ ከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ የሚጀምርበት አድራሻ ነው። ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ የባንክ መተግበሪያችሁም፣ ፎቷችሁም፣ መልዕክታችሁም በእሱ ፈቃድ ነው የሚያድሩት። እሱን የያዘ ሰው ሁሉንም ያዘ።

እንደ ተራ ተጠቃሚ ዝርዝሩን ስከፍት ላፕቶፑ የሚያሳየኝ ዜሮ ብቻ ነበር፤ ሆን ተብሎ ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስገባ አድራሻው ይወጣል። አሥር ጊዜ ያህል አጥፍቼ ካበራሁ በኋላ ደብተሬን ሳየው ወላሂ ገረመኝ። ከ16ቱ አሃዞች የመጀመሪያዎቹ 8 ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ 5 ሁልጊዜ ዜሮ። የሚለዋወጡት መሃል ላይ ያሉት 3 ብቻ ናቸው።

ባለሙያዎች ይህን መለዋወጥ ካስለር ይሉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከርነሉ ውስጥ ቀዳዳ ያገኘ አጥቂ ቀዳዳው ብቻውን ብዙም አይጠቅመውም፤ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ድሮ ይህ አያስቸግርም ነበር። አንድ ዓይነት ከርነል በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ቦታ ይቀመጥ ስለነበር፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያጠናውን በሰው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ይደግመዋል። አድራሻን የማለዋወጥ ሐሳብ በ2001 ፓክስ ከተባለ ፕሮጀክት ለተራ ፕሮግራሞች መጣ። አፕል በ2012 ለከርነሉ ተጠቀመበት። ሊነክስ ውስጥ በኪስ ኩክ ሥራ በ2014 ገባ፤ ሳይጠየቅ በራሱ መሥራት የጀመረው ግን በ2017 ነው።

እንግዲህ ደብተሬን ይዤ አሰላሁ። በእኔ ዓይነት ላፕቶፕ ከርነሉ የሚቀመጠው 1 ጊጋባይት ስፋት ውስጥ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በ2 ሜጋባይት እርምጃ። ስለዚህ ሊያርፍባቸው የሚችሉት ቦታዎች ከ512 አይበልጡም። ይሄ ምን ይባላል? 512 በር ማንኳኳት ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ አይደለም እንዴ? ነገሩ ግን በር አንኳኩቶ መመለስ የለም። ከርነል ውስጥ የተሳሳተ አድራሻ ላይ የረገጠ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን ራሱን ይጥለዋል። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ አድራሻው ሌላ ነው። ጥንካሬው ከቦታዎቹ ብዛት ሳይሆን ከዚህ ነው የሚመጣው።

ድክመቱም እዚያው አለ። እኛ ሰፈር ቤት የሚነገረው በቁጥር አይደለም፤ “ከመድኃኒት ቤቱ ሦስተኛው በር” ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሌሊቱን እኩል ርቀት ቢንሸራተት፣ መድኃኒት ቤቱን ያገኘ ሰው ሌላውን ሁሉ ቆጥሮ ይደርስበታል። ካስለርም ከርነሉን የሚያንሸራትተው እንዳለ ነው። አንዲት ትክክለኛ አድራሻ ካመለጠች ምስጢሩ አለቀ። ግርሴኪዩሪቲን የሚመራው ብራድ ስፔንግለር በ2013 ነገሩን አጥብቆ የነቀፈው ለዚህ ጭምር ነው፤ የእሱ ወገን ከፓክስ ሰዎች ጋር አብሮ የሚሠራ መሆኑ ትችቱን ከባድ ያደርገዋል።

አድራሻው ደግሞ በቃል ሳይነገርም ያመልጣል። ፕሮሰሰሩ አንዱን አድራሻ ፈጥኖ ሌላውን ዘግይቶ ሲመልስ፣ ጊዜውን የሚለካ ሰው ከርነሉ የት እንዳለ ይገምታል። በ2017 በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መፍትሔ አቀረቡ፦ ተራ ፕሮግራም በሚሠራበት ሰዓት የከርነሉ ካርታ ከሞላ ጎደል ከፊቱ ይነሳ። ለካስለር የታሰበው ይህ ሥራ በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ችግር ይፋ ሲወጣ ዋናው መከላከያ ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በእኔ እምነት ስፔንግለር ስለ ድክመቱ ልክ ነው፤ ግን አጥቂውን አንድ ቀዳዳ ሳይሆን ሁለት እንዲፈልግ ማስገደድ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከርነል ለማጥናት ብላችሁ በመመሪያው መሠረት “ኖካስለር” የምትለዋን ቃል ማስነሻው ላይ ከጻፋችሁ፣ ስትጨርሱ አጥፏት። ስልካችሁንም አልፎ አልፎ አጥፍታችሁ አብሩት፤ አድራሻው የሚመረጠው ሲነሳ ብቻ ነውና ለወራት ያልጠፋ ስልክ ለወራት አንድ ቦታ ነው የሚኖረው።

ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሲስተም ግን ከ2017 ጀምሮ ሌላ መንገድ ይዟል። በተነሳ ቁጥር የከርነሉን ክፍሎች ቅደም ተከተል አደበላልቆ ለሚቀጥለው መነሻ አዲስ ከርነል ይገጣጥማል። እዚያ መድኃኒት ቤቱን ብታገኙትም ሦስተኛው በር የማን እንደሆነ አታውቁም።