ዊትቢ፦ ስማቸው ያልጠፋ ሰዎች

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር ጠረፍ፣ ዊትቢ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ብዙ ጎብኚ ወደ አሮጌው ገዳም ፍርስራሽ የሚያወጡትን 199 ደረጃዎች ሊወጣ ይመጣል። እኔ የሄድኩት ግን ለፎቶግራፎቹ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ፍራንክ ሳትክሊፍ (1853–1941 እ.ኤ.አ.) እዚህ ስቱዲዮ ነበረው። እንጀራው የጎብኚዎችን ፎቶ ማንሳት ነበር። ጊዜ ሲያገኝ ከባዱን የእንጨት ካሜራ ተሸክሞ ወደ ወደቡ ይወርዳል። ዓሣ አጥማጆችን፣ መንጠቆ ላይ ማባበያ የሚሰኩ ሴቶችን፣ ራቁታቸውን ውሃ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆችን አነሳ። በልጆቹ ፎቶ የከተማው ቀሳውስት ተቆጥተውበት ነበር!

እኔን ያቆመኝ የሄንሪ ፍሪማን ፎቶ ነው። በ1861 የነፍስ አድን ጀልባ ተገልብጣ ጓደኞቹ ሁሉ ሲሞቱ እሱ ብቻ ተረፈ፤ ከቡሽ የተሠራ የዋና ጃኬት ለብሶ ነበር። ፎቶው ስም ባይኖረው ኖሮ ለእኔ አንድ ጢማም መርከበኛ ብቻ ነበር።

እኛ ቤት አያቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ የተነሡት ፎቶ አለ። አጠገባቸው ሦስት ሰዎች ቆመዋል። የሁለቱን ስም እናቴ በስልክ ነገረችኝ፤ በእርሳስ ከጀርባው ጻፍኩት። ሦስተኛውን የሚያውቁት አዲስ አበባ ያሉት ታላቅ አክስቴ ናቸው። 80 ዓመት አልፏቸዋል። እሑድ እደውልላቸዋለሁ።