የቆረጥኳት ዓረፍተ ነገር

ጀማሪ ሳለሁ ስለ ፕላስቲክ መልሶ መጠቀም ዘገባ ሠርቼ ነበር። ፕላስቲክ እየለዩ የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ከተደባለቀ አይገዙንም» አሉኝ። እኔ ሆዬ የገበያ ምሬት መስሎኝ ቆርጬ ጣልኳት። በምትኩ «ፕላስቲክ ሁሉ ሲቀልጥ አንድ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላረመኝም።

ባለፈው ቅዳሜ የልብስ ሳፋችን ተሰነጠቀ። ስብራቱ ላይ ፕላስቲኩ እንደ ሽንኩርት በስሱ በስሱ ይላጣል። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማረው የአክስቴ ልጅ አገላብጦ አየውና «ሁለት የማይዋሃዱ ፕላስቲኮች አብረው ቀልጠው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሳቅኩ። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ይጣላል እንዴ?

ይጣላል እናላችሁ። ማድ ቤት ወሰደኝና ዘይትና ሎሚ በሹካ መታ። ሲመታው ዘይቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይሰባበራል፤ ሲያቆም ጠብታዎቹ እየተገናኙ ይተልቃሉ። ፖሊኤትሊንና ፖሊስታይሪን አብረው ሲቀልጡም እንዲሁ ነው። ፖሊመር ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ከሌላው ጋር የመደባለቅ ዝንባሌው ይደክማል።

እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳሳየው፣ በፈሳሽ ውስጥ ያለን ጠብታ ፍሰቱ ይለጥጠዋል፣ የገጽ ውጥረቱ ደግሞ ወደ ክብነት ይመልሰዋል። ፍሰቱ ካሸነፈ ጠብታው ይበጠሳል። ጠብታው ከከበበው ፈሳሽ በጣም ከወፈረ ግን (አራት እጥፍ ገደማ) አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት ብቻ አይሰበርም፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እሱን የሚሰብረው መለጠጥ ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የተለጠጡት ጠብታዎች ወደ ክብነታቸው ለመመለስ ስለሚታገሉ ቅልጡ እንደ ላስቲክ የመሳብ ጠባይ ያመጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች ቅልጡን በትንሹ እያወዛወዙ አፈሳሰሱን ይለኩና የጠብታዎቹን መጠን ይገምታሉ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፍሰቱ የሰጠው ቅርጽ እዚያው ይደርቃል። የሳፋችን ልጣጮች፣ የአክስቴ ልጅ ግምት ልክ ከሆነ፣ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተለጥጠው የደረቁ ጠብታዎች ናቸው።

«መላ የለውም?» አልኩት። አለው። ማዮኔዝ ውስጥ አስኳሉ ዘይቱንና ሎሚውን እንደሚያስታርቅ ሁሉ፣ አንድ ጫፉ ከአንዱ፣ ሌላው ጫፉ ከሌላው ፕላስቲክ ጋር የሚስማማ አስታራቂ ሞለኪውል ይጨመራል። ግን አስታራቂ ለመምረጥ የተጣሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ መለየት።

እዚህ ላይ እኒያ እናት ትዝ አሉኝ። ሦስቱ ቃላቸው ምሬት ብቻ አልነበረም፤ የዘገባው ፍሬ ነገር ነበር። እኔ ግን ዕውቀት ከባለ ዲግሪ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ እሳቸውን ቆርጬ የራሴን ስህተት አተምኩ።

የሀይላንድ ጠርሙስና ክዳኑ እንኳ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ መሆናቸውን ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። አሁን ለቆራሌው ስሰጥ ለይቼ ነው። እርማቴ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ይኸው።