ኢስናድ የሌለው ፊርማ



ዛሬ ስለ አንድ ስዕል እናውጋችሁ። ከኪታቦቻችን መደርደሪያ በላይ ሦስት ዓመት የተሰቀለ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ስዕል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የአውሮፕላን ወሬ እንደምንወድ የሚያውቅ፣ ለንደን የሚኖር የመድረሳ ጓደኛችን ገዝቶ የላከልን ነው። ከሥሩ ባለው ነጭ ቦታ ላይ የሁለት እንግሊዛዊ አብራሪዎች ፊርማ በእርሳስ ሰፍሯል፤ የዳግላስ ባደርና የጆኒ ጆንሰን። ባደር በ1931 እ.ኤ.አ. በአደጋ ሁለት እግሮቹን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እግር ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋ ሰው ነው።

እንዲህ ያሉ ስዕሎች በተወሰነ ቁጥር ይታተማሉ፤ ከጦርነቱ የተረፉት አብራሪዎች ይፈርሙባቸዋል፤ ሰብሳቢዎችም በውድ ይገዟቸዋል። ዋጋው በወረቀቱ ሳይሆን በፈረመው እጅ ነው።

ለዒድ ከውጭ የመጣ አንድ ወንድም ቤታችን ገብቶ ሲያየው ዓይኑን መንቀል አቃተው። የሰጠን ዋጋ የሦስት ወር የቤት ኪራያችንን ይሸፍናል። በማግስቱ ሊወስደው ተስማማን።

ማታ ልንጠቀልለው አውርደን በማጉያ መነጽር አየነው። የታተመ ፊርማ ሲጎላ ነጠብጣብ ይሆናል፤ የእርሳስ ግን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ያብረቀርቃል። የኛ አብረቀረቀ። አልሐምዱሊላህ ብለን ሳንጨርስ ግን ጥጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የኅትመት ዓመት አየን፤ 1987። ባደር የሞተው በ1982 ነው!

ሸይኻችን ኢስናድ ሲያስተምሩን መጀመሪያ የሚጠይቁን «ይህ ሰው ያንን ሰው አግኝቶታል ወይ?» ብለው ነበር። ዓመታቸው ካልተገናኘ፣ ወሬው ምንም ቢያምር ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ማጉያው ያላጋለጠውን ዓመቱ አጋለጠው። ጆንሰን እስከ 2001 ስለኖረ የእሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከውሸት ጎን ለቆመ ማን ይመሰክርለታል? አብሮት የመጣው ወረቀት «እውነተኛ ነው» ይላል እንጂ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደተፈረመ አይናገርም።

እውነቱን እንናገር፤ ነፍሳችን ተሟግታናለች። ገዢው አልጠየቀም፤ እኛም አልዋሸንም፤ ዝም ብንልስ? ግን በየሳምንቱ ነጋዴውን «የዕቃህን ዐይብ ግለጽ» የምንለው እኛው ነን። ከፈጅር በኋላ ደወልንለት። አመሰገነን፤ አልገዛም። ኪራዩም እንደነበረ አለ።

የከበደን ለጓደኛችን መንገር ነበር። ከደሞዙ ቆጥቦ የላከውን ስጦታ «ሐሰት ነው» እንዴት ይባላል? ሳምንት አዘገየነው። በመጨረሻ ስንነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሁለት ነበር የገዛሁት፤ አንዱ እኔ ጋ ነው። ልሸጠው ነበር» አለን።

በ1940 ለብሪታንያ ሰማይ ከተዋጉት ወደ 3,000 የሚጠጉ የበረራ ሠራተኞች የመጨረሻው፣ ጆን ሄሚንግዌይ፣ መጋቢት 2025 በ105 ዓመቱ ሞቷል። ከእንግዲህ ከእነሱ አዲስ ፊርማ አይመጣም፤ ያለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የአብራሪም ይሁን የኳስ ተጫዋች ፊርማ ስትገዙ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አይቶ ብላችሁ ጠይቁ። ተታላችሁ ከገዛችሁም ማታለሉ እናንተ ጋ ይቁም።

ስዕሉ ዛሬም ግድግዳችን ላይ ነው። ከኛ በኋላ ለሚያገኘው ሰው ከጀርባው ጽፈንበታል፦ «የባደር ፊርማ የባደር አይደለም።»