ዱላው ከቁምሳጥኑ ጀርባ

ባለቤቴ ቦርሳውን ያገኘችው ቤት ስታጸዳ ነው። ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ሰባት የጎልፍ ዱላዎች የያዘ አሮጌ ቦርሳ። ማታ ከሥራ ስገባ ሳሎን መሀል አቁማዋለች። አልጮኸችም። «የኪችን ካቢኔታችን ይኼ ነው?» ብቻ አለችኝ።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ዕጣ ሲወጣ እልልታ ነው፤ ቁልፉን ስትረከቡ ግን የተረከባችሁት ግድግዳና ጣሪያ መሆኑን ታያላችሁ። ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ የውስጥ በሩ፣ የወጥ ቤቱ ካቢኔት ሁሉ የባለቤቱ ዕዳ ነው። እኛም ተራ በተራ እየሠራን ወጥ ቤት ላይ ደርሰን ነበር። በየወሩ ከሁለታችን ደመወዝ ትንሽ ትንሽ እያነሳን «ለካቢኔት» ብለን እናስቀምጣለን። ዱላዎቹን የገዛሁት ከዚያ ገንዘብ ነው፤ ሳልነግራት።

ለምን ብትሉኝ መልሱ ዛሬም ያሳፍረኛል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። ደንበኛ የሚገኘው ቢሮ ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ በትምህርቱም በሥራውም ሲነገረኝ ኖሯል። አንድ ቅዳሜ ትልቅ የምንለው ደንበኛችን ለጎልፍ ጋበዘንና ከአለቃዬ ጋር ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ ዱላውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩት። ኳሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛው ምቴ ከኳሷ ኋላ ያለውን ሣር ነቀለው። ሦስተኛው በረረና አየር ላይ እንደ ማጭድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዛፍ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ በትሕትና ሳቁ። የትሕትና ሳቅ ደግሞ ከሌላው ሳቅ ይብሳል። «ይህን ነገር እችለዋለሁ፤ እስክችለው ግን ማንም አያውቅም» ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ገና ተጫውተሃል አይደል?

ጎልፍ አገራችን ውስጥ ብዙ ተጫዋች የለውም እንጂ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ «ጎልፍ ክለብ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጨዋታ ነው። የእንግሊዝ ኤምባሲም ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለው። ችግሩ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚያስተምር ማግኘት ነው። እኔ ያገኘኋቸው ሰው በልጅነታቸው የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክመው ሜዳ ለሜዳ ሲዞሩ ጨዋታውን በዓይናቸው የተማሩ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ጋሼ የመጀመሪያ ቀን አሥር ኳስ አስመቱኝ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲያበቃ «አንተ ልጅ፣ ገና ተጫውተሃል አይደል?» አሉኝ።

እንዴት አወቁ? ያደግኩት ሱሉልታ ነው። የሱሉልታ ስፖርት ሩጫ ነው፤ ቀዝቃዛው ሜዳ ላይ ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶችን እያየን ነው ያደግነው። የገና ሰሞን ግን ሜዳው የዱላ ነበር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘን ሩሯን እያሳደድን ስንጋፋ እንውላለን። ገና ላይ ሩሯ አትቆምም፤ ቀድሞህ የሚመታት አለ። ስለዚህ ዱላህን በክንድህ ብቻ ወደ ላይ ታነሳና ከውጭ ወደ ውስጥ ትፈልጣለህ። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ የሚቀማህም የለም። «ኳሷን አንተ ብቻ ነህ የምትነካት፤ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ ጋሼ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቶቼን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። ጎልፍ ለመጀመር ለምታስቡ፣ ወይም ጀምራችሁ ኳሷ አልታዘዝ ላለቻችሁ ይጠቅማልና ልዘርዝረው። ቀኝ እጀኛ ነኝና በእኔ አቅጣጫ ነው የምነግራችሁ፤ ግራ እጀኛ የሆናችሁ ገልብጡት።

አያያዝ። ዱላውን አንቄ ነበር የምይዘው። እጅ ሲጨብጥ ክንድ ይደርቃል፤ ክንድ ሲደርቅ ትከሻ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ዱላው በክብደቱ አይወዛወዝም። ጋሼ «ጫጩት እንደያዝክ ያዘው፤ እንዳታመልጥህ፣ እንዳትሞትብህም» አሉኝ። የግራ እጄ መዳፍ ዱላው ላይ በጣም ወደ ግራ ዞሮ ስለነበር ጥቂት ወደ ቀኝ አዞሩልኝ፤ ቁልቁል ሳይ ሁለት የጣት አንጓዎች እንዲታዩኝ። ይህች ትንሽ ለውጥ የዱላው ፊት ኳሷን ሲነካ ወደ ቀኝ ተከፍቶ እንዳይቀር ትረዳለች።

አቋቋም። ኳሷ ወደ ቀኝ ስለምትታጠፍብኝ ሳላውቀው ትከሻዬን ወደ ግራ አዙሬ መቆም ጀምሬ ነበር። ብልሃት መስሎኝ ነው። ነገር ግን ትከሻ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ዱላው ይበልጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ኳሷም ይበልጥ ትታጠፋለች። መድኃኒቴ በሽታዬን ያባብሰው ነበር ማለት ነው። እንደ ባቡር ሐዲድ አስቡት፤ ኳሷ በወዲያኛው ብረት ላይ፣ የእግራችሁ ጣቶች በወዲህኛው ብረት ላይ። ሁለቱ ብረቶች አብረው ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። ጉልበት፣ ዳሌና ትከሻም ከወዲህኛው ብረት ጋር ይሄዳሉ።

ወደ ቀኝ መታጠፍ። ይህ «ስላይስ» የሚባለው የብዙ ጀማሪ ሕመም ነው። ኳሷ መጀመሪያ የምትወጣው በአብዛኛው የዱላው ፊት ወዳየበት አቅጣጫ ነው። የምትታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና ዱላው የሚሄድበት መንገድ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ፊቱ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ከተከፈተ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሽከረከራለች። ጋሼ ባዶ ሃይላንድ ከኳሷ ወዲያ ማዶ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው አቆሙልኝ። እንደ ልማዴ ከውጭ ከፈለጥኩ ሃይላንዱን እመታዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከኳሷ ይልቅ ሃይላንዱ ብዙ በረረ። ዱላው ሲወርድ በክንዴ ሳይሆን ከዳሌዬ መጀመርን ስለምድ ግን ሃይላንዱ ቆሞ መቅረት ጀመረ።

አናቷን መምታትና መሬት መቆፈር። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የእኔ ግን አንድ ምንጭ ነበራቸው። ኳሷን ከሥር ገብቼ ላነሳት ስሞክር ክብደቴ ኋላ ቀኝ እግሬ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ዱላው ወይ ከኳሷ በፊት መሬት ያገኛል፣ ወይ ሽቅብ ሲነሳ አናቷን ይነካል። የዱላው ፊት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያዘነበለ ነው። «ማንሳት የዱላው ሥራ ነው፤ የአንተ ሥራ ክብደትህን ወደ ግራ እግርህ ማሳለፍ ነው» ይሉኛል። ያለ ኳስ ሣር እየላጨሁ ልምምድ እንዳደርግ አዘዙኝ፤ ሣሩ የሚነካው ኳሷ ልትቀመጥ ከምትችልበት ቦታ ጥቂት አለፍ ብሎ እስኪሆን ድረስ።

አንድ ነገር ላክል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ የተመታች ኳስ ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ይልቅ እዚህ ርቃ ትሄዳለች። አንድ ቀን አንዷ እጅግ ርቃ ስትበርልኝ በኩራት ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ግማሹ የአየሩ ነው» ብለው አበረዱኝ።

ሳሎን መሀል የቆመው ቦርሳ

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የምገባ ነበር የሚመስላት። ከኮዬ ፈጬ ከተማ መሀል ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ለልጃችን የቀረላት ግማሽ ቀን መንገድና ውሸት ሲበላው ከረመ። ቦርሳው በተገኘ ማታ የተናገርኩት ሁሉ ማስረጃ ነበር፤ ደንበኛው፣ አለቃዬ፣ ዕድገት። እሷ ሰምታኝ ስታበቃ «ገንዘቡን ብትጠይቀኝ ምናልባት እሺ እልህ ነበር። አሁን ግን ሌላ ምን ከጀርባው አለ እያልኩ ነው የማየው» አለችኝ። ለአራት ቀን ያወራነው ስለ ልጃችን ምሳ ዕቃ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ከሰባቱ ዱላዎች አራቱን ሸጥኩ። ከገዛሁበት በታች ነው የሸጥኩት፤ ልዩነቱን ከኪሴ ጨምሬ ገንዘቡን ወደ ቦታው መለስኩ። የባንኩን መልእክት አሳየኋት። ይቅርታም ጠየቅኳት፤ ያለ ማስረጃ። ቅዳሜዬንም ቆጠርን፤ በወር አንድ ቅዳሜ የሜዳ፣ ሌላው የቤት። የቀሩት ሦስቱ ዱላዎች ከቁምሳጥኑ ጀርባ ወጥተው በሩ አጠገብ፣ ከጃንጥላው ጎን ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ልምምዴ ሰፈር ውስጥ ሆነ። በብሎኮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ እውነተኛ የጎልፍ ኳስ መምታት አይቻልም፤ ክብደቷ 46 ግራም ያህል ብትሆንም የጎረቤት መስታወት አትምርም። ስለዚህ ልጆች በሚጫወቱባት የካልሲ ኳስ እለማመዳለሁ። አንድ እሁድ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ወረደች። ስልኬን ተቀበለችኝና «እስቲ ምታ፣ ልቅረጽህ» አለች። ከፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ከኋላዬ በኩል ቀረጸችኝ። ጎልፍ አይታ አታውቅም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችውና እንዲህ አለችኝ፤

«ልትመታት ስትል ቀና ትላለህ። ማን እያየኝ ነው ብለህ ነው?»

ደግሜ አየሁት። እውነቷን ነው። ዱላው ኳሷ ጋ ከመድረሱ በፊት ደረቴ ወደ ላይ ይነሳል፣ ዓይኔ ወደ ፊት ይሄዳል። የማየው ኳሷ የምትወድቅበትን አልነበረም፤ ገና አልተመታችማ! ሰው ነበር የማየው። ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጀምሮ የምመታው ለሚያዩኝ ሰዎች ነበር። ገንዘቡን ያስነሳኝም፣ ቦርሳውን ያስደበቀኝም ይኸው ቀና ማለት ነው። ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና «እኔ የነገርኩህ ስለ እጅህና ስለ እግርህ ነው። እሷ የነገረችህ ስለ ራስህ ነው» አሉኝ።

ስዊንጋችሁ ለተበላሸባችሁ ሁሉ ምክሬ ስለዚህ አጭር ነው። በአንድ ቀን አንድ ጥፋት ብቻ አስተካክሉ፤ አራቱን በአንድ ላይ ማሰብ አምስተኛ ጥፋት ይወልዳል። በግማሽ ኃይል፣ በግማሽ ርዝመት ጀምሩ። ራሳችሁን አስቀርጹ፤ ሰው የተሰማውና ያደረገው አንድ አይደለም። የሚቀርጻችሁ ሰው ደግሞ የማይፈራችሁ ይሁን።

ያ ደንበኛችን ባለፈው ወር ደግሞ ጋበዘን። ሄድኩ፤ ባለቤቴም ታውቃለች። ሰባት ቁጥር አይረን ይዤ ሃይላንዱን እያሰብኩ መታሁ። ኳሷ አልራቀችም፤ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ሰውየው «ተሻሽለሃል፤ ማን አስተማረህ?» ሲለኝ «አንድ ጋሼ አሉ፤ ባለቤቴም አለች» አልኩት። ውል አልተፈራረምንም። ሻይ ጠጥተን ስለ ልጆቻችን አውርተን ተለያየን።

ቤታችን የታችኛው የወጥ ቤት ካቢኔት ገብቷል፤ የላይኛው ገና ነው። ማታ ማታ አምስት ዓመት የሞላት ልጄ አጭሩን ዱላ ትጎትትና «አባዬ፣ እንውረድ» ትለኛለች። የካልሲ ኳሷን ስትመታ ዱላውን በሁለት እጇ አንቃ ነው የምትይዘው። «ጫጩት ነው» እላታለሁ። ወዲያው እጇ ይላላል፤ ዓይኗም ከኳሷ ላይ አይነሳም።