ሁለተኛዋ ጎል የማን ነበረች?

ስለ ኳስ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንኮበር፣ ጎረቤላ ሳድግ ኳስ የወንድሞቼ ነበር፤ የኔ ድርሻ ኳሷ ገደል ስትገባባቸው ቁልቁል ወርዶ ማምጣት ነበር። (አንኮበርን የሚያውቅ ሰው “ኳሷ ገደል ገባች” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል!) ወደዚህ ትምህርት ክፍል ስመጣም ሐሳቤ ሬዲዮ ላይ ነበር። ታዲያ ዘንድሮ የትምህርት ክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ሊጀመር ሲል መምህራችን “ለማስታወቂያ ሰሌዳችን ማን ይዘግባል?” ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ጸጥታ አልችልም፤ እጄን አወጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ነው ባለ ደብተር የሆንኩት። አስራ ሁለት ቡድን በአራት ምድብ ተከፍሎ ተጫወተ፤ ከየምድቡ ሁለት ሁለት አለፉ፤ ከዚያ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ። ሲደመር አስራ ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ከአስራ ዘጠኙ ጨዋታ ያላየሁት አስር ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አስር ደቂቃ ነው።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሜዳው ትንሽ ልበል። ጨዋታው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይጀመራል። የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ተቀያሪ ተጫዋቾች ጋቢ ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ በረኛው ኳስ ባልመጣበት ቁጥር እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። በምድብ ጨዋታዎች ጊዜ ተመልካቹ ከተጫዋቹ አይበልጥም ነበር፤ ያውም አብዛኛው የዶርም ጓደኛ ነው። አንዳንዱ ብርድ ልብሱን ከነአልጋው ሽታ ተከናንቦ ይመጣል። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሜዳው ዳር በሰው ተሞላ፣ ጀሪካን እንደ ከበሮ ተመታ፣ በካፌ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ወሬው ኳስ ብቻ ሆነ። የኛ ትምህርት ክፍል በሩብ ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፎ ወጣ። ስለዚያ ቀን በሰሌዳው ላይ በቂ ስለጻፍኩ እዚህ አልደግመውም፤ ቁስሉም አልሻረም።

ቡድናችን ከወጣ በኋላ የሚያጓጓኝ የጎል አግቢዎቹ ፉክክር ሆነ። በውድድሩ ማብቂያ ለኮከብ ተጫዋች፣ ለኮከብ በረኛና ለኮከብ ግብ አግቢ ሽልማት እንደሚሰጥ ተነግሯል። ለኮከብ ግብ አግቢው የምስክር ወረቀትና አንድ ጥንድ አዲስ ታኬታ ነበር። መምህራችን “ሽልማት የምትዘግቢ ከሆነ መጀመሪያ አቆጣጠሩን እወቂ” አሉኝ። እኔም ስለ ሽልማት አቆጣጠር ሳገላብጥ የዚሁ የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ የሆነችውን የጌጤ ዋሚን ታሪክ አገኘሁ።

ጌጤን ሁላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪል ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን በመሆኗ እናውቃታለን። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒውዮርክ ማራቶኖቻቸውን በአንድ የነጥብ ውድድር አስተሳሰሩ። አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሶስተኛ 10፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 1 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት እያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ይሸለሙ ነበር። ጌጤ በ2006 በርሊንን አሸነፈች፣ 25። በ2007 ለንደን ላይ ሁለተኛ ሆነች፣ 15። አዲሱ ሚሌኒየም በገባ በ19ኛው ቀን፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በርሊንን ደግማ አሸነፈች፣ 25። ድምሩ 65 መጣ። የላትቪያዋ የለና ፕሮኮፕቹካ ደግሞ 55 ነጥብ ነበራት። የቀረው ኒውዮርክ ብቻ ነው።

እስቲ አስሉት። ጌጤ “ደክሞኛል” ብላ ብትቀመጥና ፕሮኮፕቹካ ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛ ብትወጣ 70 ነጥብ ይዛ ታልፋታለች። ስለዚህ ጌጤ በ35 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ማራቶን ሮጠች። ጥቅምት 24 ቀን ኒውዮርክ ላይ እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ አንደኛ፣ ጌጤ ሁለተኛ፣ ፕሮኮፕቹካ ሶስተኛ ሆኑ። 80 ለ65። ጌጤ ሁለተኛ ወጥታ አንደኛ ሆነች ማለት ነው። ያን ለሊት በደብተሬ ጀርባ “ሽልማት የሚሮጠው በእግር ነው፤ የሚሰጠው ግን በመዝገብ ነው” ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አረፍተ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ትርጉሙ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን ዕፅዋት ሳይንስ ከሲቪል ምህንድስና ተገናኙ። የዕፅዋት ሳይንሱን አስራ አንድ ቁጥር ከምድብ ጨዋታ ጀምሬ እከታተለው ነበር። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ታኬታው የራሱ አይደለም፤ ከዶርም ጓደኛው የተዋሰው፣ በአንድ ቁጥር የሚሰፋው ስለሆነ ሁለት ካልሲ ደርቦ ነው የሚጫወተው። ይህን ያወቅኩት አንድ ቀን ሲሮጥ ጫማው ወልቆ በአንድ እግሩ ኳሷን ይዞ ሲቀጥል አይቼ ስለጠየቅኩት ነው። እስከዚያ ቀን አራት ጎል አግብቷል። የአካውንቲንጉ ሰባት ቁጥርም አራት አለው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ብርዱ ጣቶቼን አደነዘዘኝ። ብዕሩን መያዝ አቃተኝ። “አስር ደቂቃ ምን ይመጣል?” ብዬ ከሜዳው ጀርባ ወዳለችው ሻይ ቤት ሄድኩ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስመለስ ሁለት ለአንድ ሆኗል። ዘጠኝ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ወደ ማዕዘኑ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። አጠገቤ የቆመውን ልጅ “ማን አገባ?” አልኩት። “ዘጠኝ ቁጥር ነዋ፣ አታዪም እንዴ?” አለኝ። ጻፍኩ። “ሁለተኛዋ ጎል፣ ዘጠኝ ቁጥር።” “ተብሏል” የሚል ቃል እንኳ አልጨመርኩበትም።

በፍጻሜው አካውንቲንግ በሰባት ቁጥር ጎል አንድ ለባዶ አሸነፈ። ከዋንጫው በፊት ሽልማቱ ሲታወጅ አስተባባሪዎቹ ደብተሬን ጠየቁኝ። የዳኛው ወረቀት ላይ ውጤት እንጂ የአግቢ ስም አልነበረም። ደብተሬን ሰጠሁ። “ኮከብ ግብ አግቢ፣ በአምስት ጎል...” ተባለና ሰባት ቁጥር ወጣ። አስራ አንድ ቁጥር ከሁሉም በላይ ሲያጨበጭብ አየሁት። እኔም “እንዴት ጨዋ ልጅ ነው” ብዬ ይህንኑ ጻፍኩ!

ከሳምንት በኋላ አንዲት የዶርም ጓደኛዬ በሞባይሏ የቀረጸችውን የግማሽ ፍጻሜ ቪዲዮ አሳየችኝ። ዓላማዋ ጀሪካን የሚመታውን ወንድሟን ለማሳየት ነበር። ከወንድሟ ትከሻ በላይ ግን ሁለተኛዋ ጎል ትታያለች። ከግራ በኩል አስራ አንድ ቁጥር ይመታል፤ ዘጠኝ ቁጥር ዘሎ በጭንቅላቱ ሊነካት ይሞክራል፣ አይደርስባትም፤ ኳሷ አልፋው ትገባለች። እሱ ግን ዞሮ እጁን ዘርግቶ ሮጠ። አራት ጊዜ አየሁት። አምስተኛውን ማየት አልቻልኩም።

ማታ ካፌ ፊት ለፊት ጠበቅኩት።

“ያቺ ጎል ያንተ ነበረች” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ተናግሬያለሁ። ከጨዋታው በኋላ አንዱን አስተባባሪ ጠይቄው ነበር። ‘ተጽፏል’ አለኝ።” ትንሽ ዝም ብሎ “አንቺ ደግሞ ሁሌ ዳር ላይ ቆመሽ ስትጽፊ ስለማይሽ፣ ምናልባት ዘጠኝ ቁጥር ሳይነካት አልቀረም ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ” አለኝ።

ምን ልበላችሁ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” እያልን ነው ያደግነው። ስህተትም በጽሑፍ ሲሆን እንደሚወረስ፣ ባለቤቱን እንኳ በገዛ እግሩ እስኪያጠራጥር ድረስ እንደሚበረታ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ያላየሁትን ነገር፣ ኳሷን የመታው ልጅ ከራሱ ዐይን አስበልጦ አመነው።

“ለአንዲት የግቢ ጎል ይህን ያህል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ለመተኛት ስል ለራሴ እንዲሁ ብዬ ነበር። ግን ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበትን የ1954 ዓ.ም. ውድድር አስቡት። የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ጠቅላላው አራት ጨዋታ ነው፤ ከኛ ውድድር በአስራ አምስት ጨዋታ ያንሳል! ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት ስታሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። በእርሷም ሶስት ጎል ሞላለትና ከግብፁ ባዳዊ ጋር እኩል የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። በዚያ ሰዓት ኢትዮጵያ እየመራች ስለነበር “ማን አገባት” የሚለው ለዋንጫው ምንም አይለውጥም ነበር። አንድ ጸሐፊ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ቢሆንስ? ደግሞም በዚያው ጨዋታ ወንድማማቾቹ ሉችያኖና ኢታሎ ቫሳሎ አንዳንድ ጎል አግብተዋል። “ቫሳሎ አገባ” ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ቢኖር የአንዱን ጎል ለሌላው ባወረሰ ነበር። ዛሬ እነዚያን ስሞች በትክክል የምንጠራው በሰዓቱ ቆሞ ያየና የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። የትልቁ ውድድር ጎል ብዙ ዐይን ያያታል። የኛን ግን ያየኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አላየኋትም።

እሁድ ዕለት ወደ ቤት ስደውል ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ በአካባቢያችን የመሬት ድንበር ጸብ ሲነሳ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ምስክር ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው “አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?” ብሎ ነው። ታሪኩን ስጨርስ እኔንም እንደ ምስክር “አይተሽ ነበር ወይስ ሰምተሽ?” አለኝ።

“ሰምቼ” አልኩት።

“ታዲያ ማዘኑ ምን ያደርጋል? ድንበር የገፋ ሰው ድንበሩን ይመልሳል እንጂ” ብሎ ስለ ገብሱ ማውራት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ቪዲዮውንና ደብተሬን ይዤ ወደ አስተባባሪው መምህር ቢሮ ሄድኩ። ከመግባቴ በፊት በኮሪደሩ ሶስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ ቁጣቸው አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ደብተሬን የሚያምን ሰው አይኖርም የሚለው ነው። “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሰጠሁዎት መዝገብ ላይ ያላየሁትን ጽፌያለሁ” አልኳቸው። ቪዲዮውን አዩ፤ ደግመው አዩ። ከዚያ “ሌላስ ያላየሽው አለ?” አሉኝ። እንደሌለ ነገርኳቸው። አስራ ዘጠኙንም ጨዋታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አብረን አገላበጥን። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን።

አስራ አንድ ቁጥር በዚያው ሳምንት ከሰባት ቁጥር እኩል በአምስት ጎል ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። የሰጡት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ጀሪካንም ጭብጨባም አልነበረም። ታኬታው አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበር፣ ሰባት ቁጥርም ሲጫወትበት ስለሰነበተ፣ ከሱ ጋር ቀረ። ጥፋቱ የሱ ስላልሆነ አልፈርድበትም። አስራ አንድ ቁጥር ዘንድሮ ይመረቃል፤ የመጨረሻውን የግቢ ኳሱን በተዋሰው ጫማ ጨርሶ ነው የሚሄደው። ይህን ማስተካከል አልቻልኩም።

ማረሚያውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ስህተቱ በተጻፈበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ለጠፍኩት። አንዳንድ የክፍሌ ልጆች “ራስሽን አዋረድሽ” አሉኝ። ይሆናል። አሁን ደብተሬ ላይ ከየጎሉ አጠገብ ሁለት ምልክት አለ፤ ያየሁትን “አ”፣ የሰማሁትን “ሰ” እላለሁ። “ሰ” ያለችበት ሁለት ሰው ሳልጠይቅ ወደ ሰሌዳው አትሄድም። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ሲመጣም፣ መምህራችን ከፈቀዱልኝ፣ እጄን አወጣለሁ። ሻዬን ግን በፔርሙስ ይዤ ነው የምመጣው።

ሰሌዳውን ላላያችሁ እዚህም ልድገመው። ግማሽ ፍጻሜ፣ ዕፅዋት ሳይንስ 2፣ ሲቪል ምህንድስና 1። ሁለተኛዋን ጎል ያገባው አስራ አንድ ቁጥር ነው።