የዕዳ ምልክት በግማሽ ባይት ውስጥ

እናቴ ሞያሌ ባላት አነስተኛ ሱቅ ሁለት ደብተሮች ትይዛለች፤ በአንደኛው ደንበኞች የወሰዱት ዱቤ፣ በሌላኛው እርሷ ከጅምላ ሻጮች ያመጣችው ዕዳ ይሰፍራል። ከተማዪቱን የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ስለሚከፍላት ብርና ሽልንግ በአንድ መሳቢያ ያድራሉ፤ ሁለቱ ደብተሮች ግን ፈጽሞ አይቀላቀሉም። የዚህ ጥንቃቄ ትርጉም የገባኝ በሜይንፍሬም አሴምብለር ትምህርት ላይ ከሠራሁት ስህተት ነው።

ለልምምድ ከደብተሮቹ የተወሰዱ ሒሳቦችን፣ የሚሰበሰበውን በአዎንታዊ፣ የሚከፈለውን በአሉታዊ ቁጥር አስገብቼ የሚታተም ዝርዝር አዘጋጀሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ በሆነው የአይቢኤም ሲስተም 360 እና በተከታዮቹ ማሽኖች፣ በሬጂስተር ያለ 32 ቢት የሁለትዮሽ ቁጥር እንዳለ ሊታተም አይችልም። ሲቪዲ የተባለው ትእዛዝ በቅድሚያ ወደ 8 ባይት እሽግ አሥርዮሽ ይለውጠዋል። በዚህም እያንዳንዱ አኃዝ ግማሽ ባይት ይይዛል፤ የመጨረሻው ግማሽ ባይት ለምልክት ይቀራል፤ «ሲ» ለአዎንታዊ፣ «ዲ» ለአሉታዊ። ቀጥሎ አንፓክ የተባለው ትእዛዝ አኃዞቹን በየባይታቸው ይዘረጋና ከእያንዳንዳቸው ፊት «ኤፍ» ያኖራል፤ በኢቢሲዲክ ኮድ ከኤፍ0 እስከ ኤፍ9 ያሉት የሚታተሙ አኃዞች ናቸውና። በመጨረሻው ባይት ላይ ግን «ኤፍ» አይገባም፤ ምልክቱ ወደ ፊት ይዞራል። ስለዚህ የ1253 ብር ተሰብሳቢ «125ሲ»፣ የ1253 ብር ዕዳ ደግሞ «125ኤል» ሆኖ ታተመ።

ፊደላቱን እንደ ቆሻሻ ቆጠርኋቸው። የተለመደውን መላ ተከትዬ፣ ኦአይ በተባለው ትእዛዝ የመጨረሻውን ባይት የላይኛው ግማሽ ወደ «ኤፍ» ለወጥሁ። ዝርዝሩ ጠራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ በስልክ አነበብሁላት። እናቴ ግን አቋረጠችኝ፦ «ይኼማ የምከፍለው ነው፤ የምቀበለው አደረግኸው እንዴ?»

እውነቷን ነበር። ያጠፋሁት ፊደል ብቻ አልነበረም፤ ዕዳን ከተሰብሳቢ የሚለየውን ብቸኛ ምልክት ነበር። መላው ለአዎንታዊ ቁጥር ፍጹም ትክክል ነው፤ አሉታዊ ቁጥር ሲገጥመው ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ትርጉሙን ይገለብጣል።

መፍትሔው ኢዲ የተባለው የማረሚያ ትእዛዝ ሆነ። በንድፉ መጨረሻ ላይ የመቀነስ ምልክት ይቀመጣል፤ ቁጥሩ አዎንታዊ ከሆነ ምልክቱ በባዶ ቦታ ይተካል፣ አሉታዊ ከሆነ ይቀራል። ከመጨረሻው አኃዝ በፊት የትርጉም ማስጀመሪያ ከገባ ደግሞ ዜሮም ባዶ ሆኖ አይታተምም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የኅትመት ፕሮግራም በአዎንታዊ፣ በአሉታዊና በዜሮ ሳልፈትን አላስረክብም። ንጹሕ የሚመስል ውጤት ሳይም መጀመሪያ የምጠይቀው እንዲነጻ ሲባል ምን እንደተጣለ ነው።